ረጅም አረር በተቆረጠ በርሜል፦ የካርካኖ 91/24 ጉዳይ

ካርካኖ የተባለውን የጣልያን ጠመንጃ አረር ከቀለሁ ለይቶ ጠረጴዛ ላይ ያስተኛ ሰው መጀመሪያ የሚያስተውለው ርዝመቱን ነው። ውፍረቱ 6.8 ሚሊ ሜትር፣ ቁመቱ 30 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ ክብደቱ 10.5 ግራም። አፍንጫው አልሾለም፤ እንደ ትንሽ ጣት ጫፍ ድብልብል ነው። ከአፍንጫው በታች ያለው ወገቡ እስከ ግርጌው ድረስ እኩል ውፍረት አለው፣ ግርጌው ደግሞ ጠፍጣፋ ነው። የተተኮሰ ከሆነ ወገቡ ላይ አራት ሰያፍ ጭረቶች ይታያሉ፤ ሁሉም ወደ ቀኝ ያጋደሉ ናቸው። በርሜሉ አረሩን የያዘው በእነዚህ ጭረቶች ነው።

ይህ አረር ሲነደፍ 780 ሚሊ ሜትር ርዝመት ያለው በርሜል አብሮ ተነደፈለት። ከ1924 (እ.ኤ.አ) ጀምሮ ጣልያኖች ከእነዚህ ረጃጅም ጠመንጃዎች ብዙዎቹን ወደ 450 ሚሊ ሜትር አሳጥረው 91/24 የሚባለውን አጭር ጠመንጃ አወጡ። 33 ሳንቲ ሜትር ብረት ሄደ፤ አረሩ ግን ያው ቀረ። ጠመንጃው በኋላ አልሞ አይመታም እየተባለ የተወቀሰበት ምክንያት በአብዛኛው ከዚህ ይመነጫል። ወቀሳው ሲነገር ብዙ ጊዜ የሠራተኛው እጅ ወይም የብረቱ ጥራት ይጠየቃል። ጉዳዩ ግን የአረሩ ቅርጽና የበርሜሉ ጥምዝ፣ ማለትም አረሩን የሚያሽከረክሩት የውስጥ ቦዮች አጠማዘዝ፣ መለያየት ነው፤ ይህንንም በቁጥር ማሳየት ይቻላል።

አዲስ አበባ ላይ ይህን መጻፍ ከነገሩ ጋር ይሄዳል። የጣልያን ጦር ሚያዝያ 27 ቀን 1928 ዓ.ም ከተማዋ ሲገባ ዋናው የእግረኛ መሣሪያው ካርካኖ ነበር። ከአምስት ዓመት በኋላ በዚያው ዕለት ንጉሠ ነገሥቱ ሲመለሱ ብዙ ካርካኖ በአርበኛ እጅ ገብቶ ነበር። አራት ኪሎ ያለው የድል ሐውልት የቆመው ለዚያ ቀን ነው። ከዚያ ወደ ፒያሳ ወርዶ በ2016 ዓ.ም የተከፈተውን የዓድዋ ድል መታሰቢያ የሚጎበኝ ሰው ደግሞ ከካርካኖ በፊት ስለነበሩት ጠመንጃዎች ማሰቡ አይቀርም። ዓድዋ ላይ የጣልያን ወታደር በአብዛኛው የያዘው 10.4 ሚሊ ሜትሩን ቬተርሊ ነበር፤ አዲሱ 6.5 ገና እየተዳረሰ ነበር። በእኛ ወገን ከነበሩት መካከል ስሙ የማይረሳው ውጅግራ ነው፤ ፈረንሳዮች «ግራ» የሚሉት፣ 11 ሚሊ ሜትሩ።

ከውጅግራ እንነሳ፤ ልዩነቱ ነገሩን ቶሎ ያስረዳል። የውጅግራ አረር 25 ግራም የሚመዝን ልባስ የሌለው እርሳስ ነው፤ ወገቡ ላይ ቀጭን ወረቀት ተጠቅልሎበታል። በርሜሉን የሚነካው ወረቀቱ ነው። ሲተኮስ ከበስተኋላ የሚመጣው ግፊት ለስላሳውን እርሳስ ያሳጥረውና ወደ ጎን ያሰፋዋል፤ ወረቀቱ ፈሩ (በበርሜሉ ውስጥ የተቆፈረው ጠመዝማዛ ቦይ) ውስጥ ይጨመቃል፣ አረሩ መዞር ይጀምራል፣ ከአፈሙዝ ሲወጣ ወረቀቱ ተበጣጥሶ ይወድቃል። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ አረሩ ሲገባ ትንሽ ቢቀጥንም ራሱን ያስተካክላል። ይህ የሚሠራው ግን በጥቁር ባሩድ ፍጥነት ነው። ጭስ አልባው ባሩድ መጥቶ አረሩ በሴኮንድ 700 ሜትር መብረር ሲጀምር ራቁት እርሳስ በርሜሉ ውስጥ ይላጣል፣ ፈሩንም ይሞላዋል። ስለዚህ አረሩ ጠንካራ የብረት ልባስ ለበሰ። ልባሱ ችግሩን ፈታ፣ ቸርነቱን ግን ወሰደ፤ ልባስ የለበሰ አረር እንደ እርሳስ በቀላሉ አይሰፋም። ከዚያ ወዲህ በርሜሉን በደንብ መንካት አለመንካቱ የሚወሰነው በቅርጹና በልኩ ሆነ።

ልኩን በቅርብ እንየው። የካርካኖ በርሜል አራት ፈር አለው። በፈሮቹ መካከል ያሉት ጉብታዎች ከጫፍ ጫፍ ሲለኩ 6.5 ሚሊ ሜትር ይሆናሉ፤ ጠመንጃው 6.5 የተባለው በዚህ ነው። ከፈር ግርጌ እስከ ትይዩው ፈር ግርጌ ግን 6.8 ሚሊ ሜትር ነው። እያንዳንዱ ፈር 0.15 ሚሊ ሜትር ብቻ ይጠልቃል ማለት ነው። 6.8 የሆነው አረር ሲገፋ ጉብታዎቹ ልባሱን 0.15 ሚሊ ሜትር ይቆርጡታል፤ የቀረው ወገብ ፈሩን እስከ ግርጌው ይሞላዋል፤ ጋዝ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይኖርም።

አፍንጫው በዚህ ሥራ ምንም ድርሻ የለውም ማለት ይቻላል። ድብልብል ሆነ ሾለ፣ ከጉብታዎቹ በታች የቀጠነው ክፍል በርሜሉን አይነካም። የአፍንጫ ቅርጽ ትርጉም የሚኖረው ለወገቡ በሚተወው ቦታ ነው። ድብልብል አፍንጫ አጭር ስለሆነ ከአረሩ ርዝመት አብዛኛው ወገብ ሆኖ ይቀራል። የሾለ አፍንጫ ረጅም ነው፤ ወገቡን ይበላበታል። ግርጌው እንደ ጀልባ ጭራ ከጠበበ ደግሞ ወገቡ ከኋላም ያጥራል። ለስሌት ያህል፣ 6.8 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው አረር 20 ሚሊ ሜትር ወገብ ቢኖረው በርሜሉን የሚነካበት ስፋት 427 ካሬ ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው፤ ወገቡ 12 ቢሆን 256 ይሆናል። ረጅሙ ወገብ አረሩ በርሜሉ ውስጥ እንዳያዘምም ይይዘዋል፤ ዋጋው ደግሞ ሰበቃ ነው። ፈሩን ለመያዝ የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ልባሱ በርሜሉ ላይ የሚተወው የብረት ቅሪትም ይበዛል።

የካርካኖ ነዳፊዎች ይህን ዋጋ ለመቀነስ ያሰቡት ዘዴ እየጠበቀ የሚሄድ ጥምዝ ነበር። በተለመደው በርሜል ፈሩ ከጉሮሮ (አረሩ ፈሩን መያዝ ከሚጀምርበት የኋላ ጫፍ) እስከ አፈሙዝ በአንድ ልክ ይጠመዘዛል። በካርካኖ ረጅሙ ጠመንጃ ግን ጉሮሮው አካባቢ ፈሩ ዘና ያለ ነው፤ አንድ ሙሉ ዙር ለመዞር ግማሽ ሜትር ገደማ ይወስድበታል። ወደ ፊት በሄደ ቁጥር ይጠብቃል፤ አፈሙዙ ጋ ሲደርስ በ20 ሳንቲ ሜትር አካባቢ አንድ ዙር ይሆናል። ረጅሙ አረር ገና ከቀለሁ ሲነሳ በድንገት እንዲሽከረከር አይገደድም፤ ፍጥነት እየያዘ ሲሄድ ዙሩም አብሮ ይጨምራል። ያኔ የነበረው ጭስ አልባ ባሩድ በጣም ሞቃት ስለነበር ጉሮሮውን ከመበላት ማዳን ትልቅ ጉዳይ ነበር። ሐሳቡ የዋህ አልነበረም፤ በጥንቃቄ የተሠራ ነው።

መጨረሻ ላይ 20 ሳንቲ ሜትር የሆነው እንዲሁ አይደለም። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ግሪንሂል በ1879 (እ.ኤ.አ) ያወጣው ቀላል ስሌት አለ፦ የአረሩን ውፍረት በራሱ አባዛ፣ በ150 አባዛው፣ ለአረሩ ርዝመት አካፍለው። የሚገኘው ቁጥር አረሩ ሳይንገዳገድ እንዲበር በርሜሉ አንድ ዙር መጨረስ ያለበት ርቀት ነው። 6.8 በ6.8 ሲባዛ 46.24፤ በ150 ሲባዛ 6936፤ ለ30 ሲካፈል 231 ሚሊ ሜትር። ለዚህ አረር 23 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል፤ በርሜሉ በአፈሙዙ 20 ገደማ ሰጥቶታል። ትርፍ አለው። አረሩ 25 ሚሊ ሜትር ቢሆን ኖሮ 277 ሚሊ ሜትር ይበቃው ነበር። አረር በረዘመ ቁጥር የጠበቀ ጥምዝ ይጠይቃል።

አሁን መቁረጡ ላይ እንምጣ። በርሜል ሲያጥር የሚቆረጠው ከፊት ነው፤ ከኋላ የጥይቱ ማደሪያና በርሜሉ ከጠመንጃው አካል ጋር የሚያያዝበት ክር ስላለ ሌላ ምርጫ የለም። ለቋሚ ጥምዝ ይህ ከፍጥነት መቀነስ በቀር ብዙ አይጎዳም። በካርካኖ ግን ከፊት ያለው 33 ሳንቲ ሜትር የጠበቀው ጥምዝ ያለበት ነው። ጥምዙ ከጉሮሮ እስከ አፈሙዝ በእኩል መጠን እየጠበቀ ይሄዳል ብለን ብናሰላ፣ 450 ሚሊ ሜትር ላይ ሲደረስ ገና በ28 ሳንቲ ሜትር አንድ ዙር አካባቢ ነው። አረሩ የሚፈልገው 23፣ የሚያገኘው 28።

ይህ ምን ያህል ጉዳት ነው? የአረር መረጋጋት ከጥምዙ ርቀት ካሬ ጋር በተቃራኒ ይሄዳል። 20ን ለ28 አካፍሎ ውጤቱን በራሱ ማባዛት ነው፤ ግማሽ ገደማ ይወጣል። ይኸው አረር ከአጭሩ በርሜል ሲወጣ ከረጅሙ ሲወጣ የነበረው መረጋጋት ግማሹ ብቻ ይቀረዋል። የግሪንሂል ስሌት ራሱ ትርፍ ስለሚይዝ አረሩ ወዲያው አይገለበጥም፤ ግን አፈሙዝ ላይ ትንሽ ነገር ቢያጋጥመው፣ ለምሳሌ ጠርዙ ቢጎዳ፣ ያንን ውዝዋዜ ቶሎ አያጠፋውም። ወረቀት ዒላማ ላይ ክብ መሆን የሚገባው ቀዳዳ ሞላላ ሆኖ ሲገኝ ምልክቱ ይህ ነው።

የአዲስ አበባ ከፍታ እዚህ ላይ የራሱ ድርሻ አለው። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትርን ታልፋለች፤ አየሯ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ገደማ የሳሳ ነው። አረርን የሚያንገዳግደው አየር ስለሆነ አየሩ ሲሳሳ መረጋጋቱ በዚያው ልክ ያድጋል፤ ሲሶ ያህል ይጨምራል። ያው የተቆረጠ ጠመንጃ ከምፅዋ ይልቅ እንጦጦ ላይ የተሻለ ጠባይ ያሳያል ማለት ነው። የሁለት ቦታ ፍተሻን የሚያወዳድር ሰው ይህን ካልቆጠረ የጠመንጃውን ጉድለት ይስታል።

ሁለተኛው የንክኪ ችግር በረጅሙም በአጭሩም አለ፤ እየጠበቀ ከሚሄደው ጥምዝ ጋር የተወለደ ነው። ጉሮሮው ላይ ፈሩ ከበርሜሉ ዘንግ የሚያዘነብለው 2 ዲግሪ ከምናምን ነው፤ 20 ሳንቲ ሜትር ጥምዝ ላይ 6 ዲግሪ ይደርሳል። አረሩ መጀመሪያ የተቆረጠው በ2 ዲግሪ ነው። ወደ ፊት ሲሄድ ጉብታው ማዕዘኑን እየቀየረ ያንኑ ጭረት እንደገና ይቆርጠዋል። ወገቡ 18 ሚሊ ሜትር ቢሆን የጭረቱ ሁለት ጫፎች ከመሐሉ ግራና ቀኝ 0.6 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻሉ። ስለዚህ ከረጅሙ ጠመንጃ የወጣ አረር ጭረት መሐሉ ላይ ቀጭን፣ ጫፎቹ ላይ ሰፊ ይሆናል፤ በአጉሊ መነጽር ሲታይ እንደ ተፍታታ መቀስ ነው። በሰፋው ቦታ ጉብታው ልባሱን በአንድ ጎኑ ብቻ ይይዛል፤ በሌላው ጎን ክፍተት ይቀራል። ወገቡ 8 ሚሊ ሜትር ቢሆን ሽሽቱ ከ0.3 አይበልጥም ነበር። እየጠበቀ የሚሄድ ጥምዝ የሚወደው አጭር ወገብ ነው፤ ካርካኖ ደግሞ በጣም ረጅም ወገብ ሰጠው። ንድፉ ውስጥ ያለው እውነተኛ ቅራኔ ይኸው ነው።

ሦስተኛው ስሕተት የመጣው ከተጠቃሚዎች ነው። «6.5» የሚል ስም ያላቸው ሌሎች ጠመንጃዎች አረር በአብዛኛው 6.71 ሚሊ ሜትር ነው፤ የስዊድኑ ማውዘር አንዱ ነው። ስሙን ብቻ አይቶ ያንን አረር በካርካኖ ቀለህ ላይ የተከለ ሰው 0.09 ሚሊ ሜትር ይጎድለዋል። ጉብታው አረሩን 0.105 ብቻ ይይዛል፣ በፈሩ ግርጌ በእያንዳንዱ ጎን 0.045 ሚሊ ሜትር ክፍት ይቀራል። ከፀጉር ይቀጥናል፤ ነገር ግን ዙሪያውን ሲደመር ከግማሽ ካሬ ሚሊ ሜትር የሚበልጥ መሹለኪያ ነው፤ በዚያ በኩል የሚያልፈው ጋዝ ልባሱን እንደ ችቦ ይልሰዋል። ፒስተኑ ቀለበት ያለቀበት ሞተር ያደሰ መካኒክ ይህን ያለ ማብራሪያ ይረዳዋል። አረሩ አጭርና ሹል ከሆነ ሌላም ይጨመራል፦ የካርካኖ ጉሮሮ ለረጅሙ ድብልብል አረር ተብሎ የረዘመ ስለሆነ አጭሩ አረር ቀለሁን ለቆ ፈሩን ሳይዝ ባዶ ርቀት ይዘላል። ሲዘል ካዘመመ፣ እንዳዘመመ ፈሩን ይይዛል፣ እስከ አፈሙዝም እንደዚያው ይሄዳል።

ግርጌውስ? የወታደር ሙሉ ልባስ አረር ልባሱ ከአፍንጫ ተጠምዝዞ ወደ ግርጌ ይመጣል፤ ከግርጌው ግን ክፍት ነው፣ እርሳሱ ይታያል። ጠፍጣፋ ግርጌ በግፊት ትንሽ ወደ ጎን ይለጠጣል፤ ከውጅግራ የተረፈችው ቸርነት እሷ ነች። በ1963 (እ.ኤ.አ) ዳላስ ላይ በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ግድያ ምርመራ ዓለም ያወቀው 399 ቁጥር አረር የካርካኖ ነበር፤ አፍንጫው እንዳለ፣ ወገቡ በግርጌ በኩል ተጨፍልቆ እርሳሱ ወደ ውጭ ተገፍቶ ይታያል። የልባሱ ደካማ ጎን የት እንደሆነ ከዚያ ፎቶ በላይ የሚያሳይ የለም።

እንዲህ ያለ ጠመንጃ በሕጋዊ መንገድ በእጁ ያለ ሰው ወይም የሙዚየም ባለሙያ ሳይተኩስ ነገሩን ሁሉ መለካት ይችላል፤ መተኮስ አያስፈልግም፣ አይመከርምም። ይዞታው በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 የሚገዛ መሆኑም መረሳት የለበትም። መጀመሪያ መዝጊያው ይወጣል፤ ማደሪያው ባዶ መሆኑ በዓይንም በጣትም ይረጋገጣል። በርሜሉ ይጠረግና ቀጭን ዘይት ይቀባል። ከንጹሕ ለስላሳ እርሳስ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ውፍረት ያለው ቁራጭ ተዘጋጅቶ ከአፈሙዝ በኩል በእንጨት መዶሻ ቀስ ተብሎ ይገባል፤ ከዚያ በነሐስ ዘንግ ወደ ኋላ ይገፋል። የብረት ዘንግ አይሆንም፤ ፈሩን ይጭራል። አገፋፉ በእጅ ስሜት ብዙ ይናገራል፦ በአንድ ልክ የሚከብድ ከሆነ በርሜሉ እኩል ነው፤ መሐል ላይ ድንገት ከቀለለ እዚያ ሰፍቷል ወይም በዝገት ተበልቷል። እርሳሱ ሲወጣ በማይክሮሜትር ይለካል። ፈሮቹ አራት ስለሆኑ ሁለቱ ፊት ለፊት ይገጥማሉ፤ ልኬቱ ቀጥታ ይወጣል። ማይክሮሜትር የሌለው ሰው ፒያሳም ሆነ መርካቶ ካለ ቶርኖ ቤት ማስለካት ይችላል፤ የሚወሰደው እርሳሱ ብቻ ነው፣ ጠመንጃው ከቦታው አይንቀሳቀስም። 6.80 ከተገኘ ደህና ነው። 6.85 እና ከዚያ በላይ ከሆነ የፋብሪካው አረር እንኳ ልቅ ይሆናል።

ጥምዙን ለመለካት የሚዞር እጀታ ያለው የማጽጃ ዘንግ ያስፈልጋል። ጫፉ ላይ ጠበቅ ያለ ጨርቅ ይታሰርና ዘንጉ ላይ ቀጥ ያለ መስመር በቀለም ይሠመራል። ዘንጉ ሲገፋ ጨርቁ ፈሩን ተከትሎ ይዞራል። እዚህ ላይ የሚሠራው የተለመደ ስሕተት አንድ ሙሉ ዙር ጠብቆ ርቀቱን መመዝገብ ነው፤ ጥምዙ እየተለወጠ ስለሆነ የሚገኘው አማካይ ብቻ ይሆናል። ሩብ ዙር በሩብ ዙር ነው መለካት ያለበት። መጀመሪያው ሩብ 11 ሳንቲ ሜትር ገደማ፣ የመጨረሻው 7 ገደማ ከሆነ በርሜሉ ከረጅም ጠመንጃ የተቆረጠ ነው። ሁሉም ሩቦች እኩል ከወጡ ሌላ ዓይነት ካርካኖ ነው። ከውጭም ምልክት አለ፦ 91/24 የረጅሙን ጠመንጃ የኋላ ማነጣጠሪያ መቀመጫ ይዞ ቀርቷል፤ ለአጭር ጠመንጃ የማይመጥን ትልቅ ነው።

የአፈሙዙን ጠርዝ ችላ የሚል ብዙ ነው። አረሩ በርሜሉን የሚለቀው በግርጌው ዙሪያ ነው፤ ጠርዙ በአንድ ጎን 0.1 ሚሊ ሜትር እንኳ ቢጎድል ጋዙ ከዚያ ጎን ቀድሞ ይፈነጥቅና ግርጌውን ይገፋዋል። መረጋጋቱ ሙሉ የሆነ አረር ይህን ይቋቋማል፤ ግማሽ የቀረው ግን አይችልም። የተቆረጠ በርሜል ጠርዙ እንደ አዲስ የተሠራ ስለሆነ፣ በዚያም ላይ በብረት ዘንግ ከፊት ሲጠረግ የኖረ ስለሚሆን፣ በመብራትና በአጉሊ መነጽር ዙሪያውን ማየት ግድ ነው። ጉሮሮው ደግሞ በዝገት ይጠቃል፤ የድሮው ጥይት ማቀጣጠያ እርጥበት የሚስብ ጨው ትቶ ያልፋል። በክረምት ዘይት ብቻ መቀባት ጨውን አያስወግድም፤ መጀመሪያ በሙቅ ውኃ መታጠብ፣ መድረቅ፣ ከዚያ መቀባት ነው።

ጣልያኖች ራሳቸው መልሱን የፈለጉት በ1938 (እ.ኤ.አ) ነው። የሰሜን አፍሪካና የኢትዮጵያ ጦርነት ልምድ 6.5ቱ አረር ደካማ ነው የሚል ቅሬታ አምጥቶ ነበር። አዲሱ ጥይት 7.35 ሚሊ ሜትር ሆነ፤ አረሩ ሹል፣ 8.3 ግራም፣ ከአፍንጫው ልባስ ሥር ቀላል አሉሚኒየም የተሞላበት፤ ፍጥነቱ በሴኮንድ 755 ሜትር ገደማ። እየጠበቀ የሚሄደው ጥምዝ ቀረ፤ በርሜሉ ቋሚ ጥምዝ ይዞ አጭር ሆነ። አረሩ ሲለወጥ በርሜሉም አብሮ ተለወጠ፤ በ91/24 ያልተደረገው ይህ ነበር። ጦርነቱ ሲደርስ ግን ሁለት ዓይነት ጥይት ማቅረብ አልተቻለም፤ ወደ 6.5 ተመለሱ፤ ከ7.35ቶቹ ብዙዎቹ ወደ ፊንላንድ ተሸጡ።

ስለዚህ በመስታወት ሳጥን ውስጥ «የጣልያን ጠመንጃ፣ 6.5» የሚል ወረቀት ብቻ ተለጥፎበት የተቀመጠ ካርካኖ ገና አልተመዘገበም። መዝገቡ ላይ መግባት ያለባቸው የበርሜሉ ርዝመት በሚሊ ሜትር፣ ከእርሳሱ የተገኘው የፈር ልክ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ሩብ ዙር ርቀት፣ የአፈሙዙ ጠርዝ ሁኔታ ናቸው፤ አብሮት የተገኘ አረር ካለም ቁመቱና ውፍረቱ ለብቻው ይጻፋል። ሥራው ከግማሽ ቀን አይበልጥም፤ የተለካችው እርሳስም መለያ ቁጥር ተጽፎባት በትንሽ ከረጢት ከጠመንጃው ጋር ትቀመጣለች።